ፏፏቴውን የምከፍተው እኔ ነበርኩ

ፏፏቴ በራሱ ጊዜ ይወርዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ሞልቷል። የእኛን ከተማ ፏፏቴ ግን የሚከፍተው ሰው ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድና በበዓል ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የብረት መዘውር ሠላሳ አንዴ አዙሬ ፏፏቴ ለቅቄያለሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሠላሳ አንዴ ወደ ኋላ አዙሬ ዘግቼዋለሁ። ሳቁ እንጂ፤ እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ስቄያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዙ ከላይ ተጠልፎ በቦይ ወደ መብራት ማመንጫው ይሄዳል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ገደሉ ደረቅ ነው፤ ድንጋይ፣ ዝንብና ሰው የጣለው የውሃ ጠርሙስ ብቻ ነው ያለበት። ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያሳትማት ባለቀለም ወረቀት ላይ ከተማችን ሦስት የሚጎበኙ ነገሮች አሏት ይላል። አንደኛው ሙዚየሙ ነው፤ ቁልፉ ሁልጊዜ ስብሰባ የገባ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከአራቱ ዥዋዥዌ የሦስቱ ሰንሰለት የጠፋበት የመዝናኛ ፓርክ ነው። ሦስተኛው የእኔ ፏፏቴ ነው። ከሦስቱ ውስጥ በሰዓቱ የሚከፈተው የእኔው ብቻ ነበር፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

እኔ ራሴ ግን ፏፏቴውን አይቼው አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው። የውሃው በር ያለው ከገደሉ አፋፍ በላይ ነው፤ አጠገቡ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች፣ ከመዘውሩ አጠገብ መራቅ ደግሞ ክልክል ነው። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ ሰማዩ፣ ማዶ ያለው የተመልካቾች መቀመጫ ጫፍ፣ እና ከግርጌው ራቅ ብሎ ያለ አንድ ጠፍጣፋ አለት ነው። ግርጌው ራሱ በአፋፉ ተከልሎ አይታይም። ውሃው ሲወርድ እኔ ላይ ነኝ፤ እኔ ስወርድ ውሃው ተዘግቷል። አንድ እሁድ ምትክ ስጡኝ ብዬ ስጠይቅ የበሩን አመል የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ ይሉኛል። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ዛሬስ እንዴት ያምር ነበር ሲለኝ፣ አዎ፣ ያምር ነበር እያልኩ እሸኘዋለሁ። በፎቶ አይቼዋለሁ፤ ፎቶ ግን አይጮህም፣ ልብስም አያርስም።

ይህን ጉዴን የሚያውቅብኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፈገግ በሉ።

ፈገግ በሉ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ፎቶ አንሺ ነበርና ካሜራውን ባነሳ ቁጥር «ፈገግ በሉ» ስለሚል ከተማው ሁሉ በዚያው ጠራው። እሱ ገና ጨቅላ ሳለ እናታቸው ስለሞተች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ሚስቴ ናት። ስታገባኝም ይዛው መጣች። እኔ አንድ ሠርግ ደግሼ ሁለት ሰው ነው ያገባሁት እያልኩ አበሽቀው ነበር። እሱም ጋሼ፣ ከሁለታችን ማንኛችን ነን የሚሻል ወጥ የምንሠራው እያለ ያስቃታል። ወጥ የሚሠራው እሱ ነበር የሚሻለው፤ እሷም ታውቃለች።

እሁድ እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ደረቁ ግርጌ ላይ ሆኖ ቤተሰቡን፣ ሙሽራውን፣ ተማሪውን ያነሳል። መጀመሪያ አካባቢ ሰዉን ከግርጌው የምናስወጣው በሲረን ነበር። ሲረኑ ተበላሸ። ሌላ ይገዛልን ብዬ ሰባት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሰባቱንም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። በመጨረሻ ፈገግ በሉ ራሱ መላ አመጣ። እኔ ሁልጊዜ እዚያው ነኝ፣ ሰዉን አስወጥቼ ስጨርስ አለቱ ላይ ወጥቼ ቀይ ጨርቅ አውለበልብልሃለሁ፣ ጨርቁን ሳታይ እንዳትከፍት አለኝ። ጨርቁን የሰጠችን ሚስቴ ናት፤ ከድሮ ቀሚሷ ቀድዳ ጠርዙን በእጇ ዘምዝማ። በዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሠራን። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም። ሰዉን አስወጥቶ ሲጨርስ ደግሞ ዝም ብሎ ጨርቁን አያነሳም፤ ተመልሶ አንድ ዙር ይዞራል። ከግርጌው ጥግ አንድ የቤት ያህል ድንጋይ አለ፤ ከኋላው ፍቅረኞች እየተደበቁ ይቀመጣሉ። እነሱን አይቶ፣ ካሉም አሳፍሮ አስወጥቶ ነው አለቱ ላይ የሚወጣው።

«ጋሼ፣ ጡረታ በወጣህ በመጀመሪያው እሁድ ከታች አቆምህና ፏፏቴው ከኋላህ ሆኖ አነሳሃለሁ። ታዲያ በነጻ እንዳይመስልህ፤ ፈገግ ካልክ ብቻ ነው» ይለኝ ነበር።

እሺ አልኩት። ለጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶኝ ነበር።

አምና የከተማው ቀን ሲከበር የቱሪዝም ኃላፊዋ ሕዝቡ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታይ ብላ ሁለት ሺህ ስካርፍ አሳተመች። ቀይ። ጠዋት መግቢያው በር ላይ አንዲት ልጅ ለእኔም አንገቴ ላይ አሰረችልኝ፤ አባባ ያምርብዎታል አለችኝ፣ አመሰገንኳት። ያንን አስሬ ነው ወደ በሩ የወጣሁት። ቀይ ጨርቅ አንገቴ ላይ ታስሮ፣ ቀይ ጨርቅ ሲወለበለብ እስካይ ድረስ እየጠበቅኩ ተቀመጥኩ። አሁን ይህን ለማን ብነግረው ያምነኛል? እኔ ራሴ አላምነውም። ሰው ዓይኑ እያየ እንዲህ ይደነዝዛል?

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልክ ተደወለ። እንግዶቹ እየተቀመጡ ነው፣ ዛሬ እንዳታሳፍረን አሉኝ። እጄን መዘውሩ ላይ አድርጌ ወደ አለቱ አየሁ። ቀይ ጨርቅ ተነሳ፤ ተውለበለበ። ከዚያ ርቀት የሰው ፊት አይታይም። እኔም ለአሥራ አንድ ዓመት ፊት አይቼ አላውቅም፤ ጨርቁን ነው የማየው። ማዞር ጀመርኩ።

አሥራ አምስተኛው ዙር ላይ ቀና ስል አለቱ ላይ ያለው ቀይ አንድ ሳይሆን አምስት ሆኗል። ልጃገረዶች ናቸው፤ ስካርፋቸውን እያውለበለቡ እርስ በርስ ፎቶ ይነሳሳሉ። ክው አልኩ። መዘውሩን ወደ ኋላ ማዞር ጀመርኩ፤ እጄ እስኪላጥ አዞርኩት። ግን የወጣ ውሃ ተመለስ አይባልም። ከማዶ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ይሰማኛል።

ሳይመሽ ፈገግ በሉን ከታች ካለው ድልድይ ሥር አገኙት።

ሦስት አጣሪዎች መጡ። ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ውሃ ቀድተውልኝ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ከመክፈትህ በፊት ምልክት አይተሃል? አዎ አይቻለሁ አልኩ። የማንን ምልክት ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው። አፌ ተሳሰረ ብል ውሸት ነው፤ አፌ ደህና ነበር። ፈራሁ። ጽፈው አስፈረሙኝና ሄዱ። ሪፖርቱ ሲመጣ ሟች የድርጅቱ ሠራተኛ ያልሆነ፣ ምልክት ከተሰጠ በኋላ ፎቶ ለማንሳት በራሱ ፈቃድ ወደ ተከለከለ ቦታ የገባ ነው ይላል።

ለቀስተኛ ከቤት ሲወጣ ሚስቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጦ አይታይም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ አለችኝ።

«ጨርቁን አሳይቶሃል?»

«አሳይቶኛል» አልኳት።

እዚህ ላይ ነው ሰውየውን ሁለተኛ የገደልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐዘኗ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ የተቆጣችውም ሟቹን ነው። ልብስ ስታጥብ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ብቻዋን ታወራለች። ጨርቁን ካነሳህ በኋላ ምን አባክ ልታደርግ ተመለስክ ትለዋለች። እኔ ነኝ ያሞላቀቅኩህ፣ ቀልበ ቢስ አድርጌ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ ትለዋለች። አንድ ቀን እንኳ ዙሩን ሳይዞር ጨርቁን አንስቶ የማያውቅ ልጅ፣ በእህቱ አፍ ቀልበ ቢስ ሆነ። እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ ምራቄን እየዋጥኩ እበላለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዓመት ሙሉ በላሁ።

በዚህ መሀል የፏፏቴው መዝናኛ ሥራ አስኪያጅ ቤታችን ድረስ መጣ። ለመታሰቢያ የሚሆን ፎቶግራፍ ስጡን አለ። ሚስቴ ደስ አላት፤ በዚያ ዓመት ደስ ሲላት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግን ፎቶ አንሺ የራሱ ፎቶ የለውም ለካ። ቤቱን ሁሉ ገለባብጣ ያገኘችው ለመታወቂያ የተነሳውን አንዲት ጉርድ ፎቶ ነው። የቦርዱን ማቆሚያ እኔው ሠራሁት። እግሩን ክንድ ያህል ቆፍሬ በኮንክሪት ሞላሁት፣ ብሎኑን በየድኩት፤ ለእሱ ነው ብዬ እንደ ሐውልት ነው የሠራሁት። በሳምንቱ ጽሑፉ መጥቶ ተለጠፈበት። ላዩ ላይ የእሱ ፎቶ፣ ሥሩ «ይህ ሰው የደህንነት መመሪያ ባለማክበሩ ሕይወቱን አጥቷል። በእርስዎም እንዳይደርስ!» የሚል።

ቦርዱ የቆመው ከትኬት መቁረጫው ወደ ግርጌው በሚወስደው ደረጃ መግቢያ ላይ ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሲያመጡ እዚያ ያቆሟቸውና ጮክ ብለው ያስነብቧቸዋል። ሚስቴ አንድ ጊዜ ሄዳ ይህን ሰማች። ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ወጥታ ተኛች።

ለዓመቱ አምስት ቀን ሲቀረው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ለሥራ ልወጣ ስል ጠረጴዛው ላይ ቁርስ የለም። በቁርሱ ቦታ ቀዩ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ሚስቴ ማዶ ተቀምጣለች።

ከሆስፒታል የሰጧትን ፌስታል ዓመት ሙሉ ሳትፈታ ከአልጋ ሥር አስቀምጣው ነበር። ልብሱን ለተቸገረ ልስጥለት ብላ ያን ዕለት ፈታችው።

«ሱሪው የኋላ ኪስ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። «ቁልፉ ተቆልፎ ነበር። ታጥፎ፣ ቁልፉ ተቆልፎ። አንተ ታዲያ ምኑን ነው ያየኸው?»

ነገርኳት። ስካርፉን፣ ልጃገረዶቹን፣ አሥራ አምስተኛውን ዙር፣ አንገቴ ላይ የታሰረውን ሁሉ። ትጮሃለች፣ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ በመታችኝ። ጨርቁን በመዳፏ ታሻሸዋለች። በመጨረሻ ቀና ሳትል እንዲህ አለች።

«ዓመት ሙሉ ሰድቤዋለሁ። አንተ ቁጭ ብለህ እያየኸኝ ልጄን ሰድቤዋለሁ።»

ወንድሜ አይደለም ያለችው፤ ልጄ ነው ያለችው። ከዚያ ተነስታ ጨርቁን ይዛ፣ እሱ ይተኛባት ወደነበረችው ክፍል ገባች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት ቦርዱን አንሳው አለችኝ።

ያንኑ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ወንበር ሳቡልኝ እንኳ ሳልል ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እስክርቢቶውን እያገላበጠ ሰማኝ። ይደነግጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ምንም አልደነገጠም።

«ዘንድሮ ስካርፉን ቢጫ ያደረግነው ለምን ይመስልሃል?» አለኝ።

ለካ ያውቃሉ። ከአደጋው በሁለተኛው ቀን ነው ያወቁት። ከልጃገረዶቹ አንዷ አለቱ ላይ የተነሳችውን ቪዲዮ ይዛ፣ እያለቀሰች መጥታ ነበር፤ አረጋግተን ሸኘናት አለኝ። ከዚያ እንደ አባት ይመክረኝ ጀመር፤ በዕድሜ እኮ ልጄ ይሆናል። ፋይሉ ተዘግቷል፣ ቢከፈት ቦታው ይታሸጋል፣ አርባ ሠራተኛ ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ ከሁሉ በፊት የምትታሰረው ደግሞ አንተ ነህ፤ ያ ቦርድ የቆመው በአንተ ፈንታ ነው አለኝ። ደሜ ፈላ። ግን ከቢሮው የወጣሁት እሺ ብዬ ነው። ውጪ ከወጣሁ በኋላ ነው እሺ ማለቴን ያወቅኩት።

ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ ጥበቃዎቹ ሲበሉ፣ የግንበኛ ማንኪያ ይዤ ወረድኩና ወረቀቱን ፋቅሁት። ፎቶውን ላለመቅደድ ብዬ ከጫፍ ከጫፍ ነበር የምፍቀው፤ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ፎቶው ግን ተቀደደ። ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ ያው ጽሑፍ፣ ያው ፎቶ፣ አዲስ ሆኖ እያብለጨለጨ ተለጥፏል። ለካ ሃያ ኮፒ አሳትመዋል። እኔ ብቻ ነኝ አንድ ነው ብዬ የለፋሁት።

እሁድ የከተማው ቀን ነው። ከአደጋው በኋላ ለሁላችንም የእጅ ሬዲዮ ተገዝቷል፤ ሰባት ደብዳቤ ያላስገዛውን አንድ ሬሳ አስገዛው። እኔ በሩ ላይ፣ ሁለት ጥበቃ ከታች፣ ሥራ አስኪያጁ ከእንግዶቹ ጎን፣ ሁላችንም በአንድ መስመር ላይ ነን። ማዶ ያለው ሕዝብ ቢጫ በቢጫ ሆኗል።

ስምንት ሰዓት ተኩል አካባቢ ሚስቴን አየኋት። ከሰው ተነጥላ በአለቱ በኩል ስታልፍ ነው ያየኋት፤ ከዚያ ሕዝብ ሁሉ መሀል ቀይ የያዘችው እሷ ብቻ ናት። ጨርቁን አላነሳችም፤ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች። አለቱን አልፋ ወደ ግርጌው ሄደች፤ አፋፉ ከለላትና ጠፋችብኝ። ስትመለስ እጠብቃለሁ። ሰዉ ሁሉ ሲወጣ እሷ አልወጣችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከታች ያለው ጥበቃ ግርጌው ንጹህ ነው አለ። ሥራ አስኪያጁ ክፈት አለኝ። ንጹህ አይደለም፣ ሰው አለ አልኩ። ጥበቃው አሁን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ማንም የለም ይላል። ከትልቁ ድንጋይ ኋላ ዞረህ እይ፣ ሚስቴ እዚያ ናት አልኩት። ከዚያም የሬዲዮውን ቁልፍ አልለቀቅኩም። እንደተጫንኩት ነው የተናገርኩት።

«አምና እኔ ነኝ የከፈትኩበት። እሱ ጨርቁን አላነሳም፤ ጨርቁ ኪሱ ውስጥ ነበር። የሰው ስካርፍ አይቼ ነው የከፈትኩት። ሰውየው ምንም አላጠፋም። ሁላችሁም ስሙኝ፣ ምንም አላጠፋም።»

ሁሉም ሰምተውኛል። እንኳን ጥበቃዎቹ፣ ትኬት ቆራጯም ሰምታኛለች፤ በኋላ ነግራኛለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ መጣ።

«መስመሩን ልቀቅ። እንግዶች እየጠበቁ ነው።»

ሁለቱ ጥበቃዎች ሄደው ከድንጋዩ ኋላ አወጧት። ቁጭ ብላ ነው ያገኟት፣ እንደ ፍቅረኞቹ። አልጮኸችም፣ አልታገለችም። ክንድና ክንዷን ይዘው በአለቱ በኩል ሲያሳልፏት ቀና ብላ ታየኛለች ብዬ አፋፉ ላይ ቆሜ ነበር። አላየችኝም። እኔም መዘውሩን ትቼ ወረድኩ። ሌላ ሰው ልከው አስከፈቱት። የበሩን አመል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ሲሉኝ ኖረው፣ ለካ ማንም ሊከፍተው ይችላል። በኋላ በኩል ባለው ደረጃ እየወረድኩ ውሃው ሲያጉረመርምና ሰዉ ሲያጨበጭብ ሰማሁ።

ይይዙኛል ብዬ ልብሴን ቀይሬ ቤት ቁጭ አልኩ። ማንም አልመጣም። የመጣው ደብዳቤ ነው። በሥራ ሰዓት የሬዲዮ መስመር በማጣበብና በድርጅቱ ማስታወቂያ ላይ ጉዳት በማድረስ ከሥራ ተሰናብተዋል ይላል። ፖሊስ ጣቢያ በእግሬ ሄድኩ፤ ሰው ገድያለሁ አልኩ። ተረኛው መዝገብ አገላብጦ ይህ ጉዳይ የተዘጋ ነው አባባ፣ ይከፈትልኝ ካሉ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያምጡ አለኝ። ብታሰር ይሻለኝ ነበር። ብታሰር መዝገቡ ይከፈት ነበር፣ መዝገቡ ቢከፈት ቦርዱ ይነሳ ነበር።

አሁን እሁድ እሁድ ትኬት ቆርጬ እገባለሁ። ሚስቴ ቀድማኝ ትደርሳለች። ቤት ውስጥ እሷ በእሱ ክፍል፣ እኔ በእኛ ክፍል ነን፤ ድስቱን እንኳ ለይታለች። እዚህ ግን ቦርዱ ሥር፣ እሷ በግራ እኔ በቀኝ እንቆማለን። ሰው ሊያነብ ጠጋ ሲል እሷ ወንድሜ ነው፣ የተጻፈው ሐሰት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ እውነቷን ነው፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ እላለሁ። ሰዉ ያየናል፣ እርስ በርሱ ይተያያል፣ ልጆቹን በእጁ ሳብ አድርጎ ያልፋል። ጥበቃዎቹ እንኳ ማባረሩን ትተውታል። ምስኪኖች፣ ሐዘን አናታቸው ላይ ወጥቶ ነው ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ፏፏቴውን ያየሁት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው እሁድ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ፤ ዞሬ ላለማየት ምዬ ነበር። በሁለተኛው እሁድ ሲለቀቅ መሬቱ ከጫማዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ሳላውቀው ዞርኩ። ያምራል። ምን ልበላችሁ፣ ያምራል። ከላይ ነጭ ሆኖ ተንጠልጥሎ ትንሽ የሚቆም ይመስላል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ ጠሉ እስከ ደረጃው ድረስ መጥቶ ፊት ያርሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራው የኖርኩት ይህንን ነው። እንዲያ ቆሜ አፌን ከፍቼ ሳለ አንድ አባወራ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ መጣና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠ። አባባ፣ ውሃው ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ያንሱን አለኝ።

ተደረደሩ። ትንሹ ልጅ ሌላ ቦታ ያያል። ስልኩን አነሳሁት፤ ውሃው ከኋላቸው፣ ከውሃው ግርጌ ጥግ ያ ድንጋይ አለ። ልጁ ወደ እኔ እንዲያይ ብዬ ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ቃሉ ከአፌ ወጣ።

«ፈገግ በሉ።»

ሚስቴ ከቦርዱ ማዶ ዞራ አየችኝ። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ፊቴን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። የምትናገር መስሎኝ ጠበቅኩ። ቀዩን ጨርቅ ከቦርሳዋ አውጥታ የቦርዱ እግር ላይ፣ እኔ የበየድኩት ብሎን ላይ አሰረችው፤ ከዚያ ደረጃውን ይዛ ወጣች። ቤት ስመለስ የእሱ ክፍል ባዶ ነበር፤ ፍራሹን እንኳ ወስዳዋለች።

በሚቀጥለው እሁድ ብቻዬን ቆምኩ። ጨርቁን ፈትተው ጥለውታል፤ ማን እንደፈታው የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ በሰዓቱ ተከፈተ።